ባጃጅ የቀደማት ላዳ

ከአንባቢ የመጣው ደብዳቤ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከአባቴ የወረስኳት ላዳ 2106 አለችኝ። ሞተሯ 1600 ነው፣ ካምቢዮዋ ባለ 4 ማርሽ። አታስቸግረኝም፣ ግን ጉልበት የላትም። ከመብራት ስነሳ ባጃጅ ሳይቀር ጥሎኝ ይሄዳል። የበዛዊትን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው የምትወጣው። አንድ ጓደኛዬ ከፈረሰች የታክሲ ላዳ ላይ የወጣ 4.3 ዲፈረንሻል አግኝቶልኛል። ‹ይሄን ግጠምና እያት፣ ትፈናጠራለች› ይለኛል። ለጋራዥ ከምከፍል ግቢያችን ውስጥ ራሴ ልቀይረው አስቤያለሁ። መፍቻ አለኝ። የፍሬን ሸራ ራሴ ቀይሬ አውቃለሁ። በወር አንድ ጊዜ እናቴን ለማየት ጎንደር እነዳለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ሳነብ ባጃጇ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ይቅርታ አድርግልኝ። ግን እስቲ አስበው። ባጃጅ 200 ሲሲ ገደማ ሞተር ነው ያላት። ያንተ ላዳ 1,600 ሲሲ ናት፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 75 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበራት። ባጃጅ ቀላል ስለሆነች ከቆመችበት ስትነሳ ቀልጠፍ ትላለች፣ እሱን አልክድም። መቶ ሜትር ሄደህም ካልደረስክባት ግን ነገሩ የዲፈረንሻል አይደለም። የሆነ ቦታ ጉልበትህ እየፈሰሰ ነው።

ስለዚህ ለጓደኛህ ብር ከመስጠትህ በፊት ትንሽ ታገሰኝ።

መጀመሪያ 4.3 የሚሉት ቁጥር ምን እንደሆነ እንነጋገር። ዲፈረንሻል ማለት ከኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለው፣ የሞተሩን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው የጥርሶች ሳጥን ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ ስንት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል? ቁጥሩ ይኸው ነው። በ4.3 ዘንጉ አራት ጊዜ ከሩብ ገደማ ይዞራል። በ3.9 አራት ጊዜ ሳይሞላ። አንተ የባሕር ዳር ልጅ ነህ፣ በብስክሌት ላስረዳህ። ሰንሰለቱን ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ስታደርገው ዳገቱ ይቀልሃል። ሜዳ ላይ ግን እግርህ እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል፣ መንገዱ አይገፋም። 4.3 ማለት ወደ ትልቁ ጥርስ መሄድ ነው።

ላዳዎች በዚህ ቁጥር ይለያያሉ። የመጀመሪያዋ 2101 4.3 ነበራት። ዕቃ መጫኛ ያላት 2102 4.44፣ 2103 4.1፣ ያንተዋ 2106 ደግሞ 3.9። ሞተሩ እየጠነከረ ሲሄድ ቁጥሩን ዝቅ አደረጉት። ሁሉም አንድ ዓይነት አክሰል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት) ላይ ስለሚገቡ ነው ሰው እንደ ሸሚዝ የሚቀያይራቸው። ጓደኛህ አልዋሸህም። 4.3 ብትገጥም ጎማው ላይ የሚደርሰው የመግፋት ጉልበት በ10 በመቶ ይጨምራል። ይሰማሃልም።

ግን አስር በመቶ ነው። የምትኖርበትን ከተማ ከፍታ ታውቃለህ? ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። እንዳንተው ያለ፣ ቱርቦ የሌለው፣ አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ጣና ዳር ሲደርስ ያጣል። 75 የነበረው 60 ይሆናል። ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን ከፍታው ከወሰደብህ ላይ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር፣ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው ፑንቲናና ፍሬኑ የየድርሻቸውን ከቆረጡ ያኔ ባጃጅ ይቀድምሃል።

የራሴን ጉድ ልንገርህ። ወጣት ሳለሁ እኔም ላዳ ነበረችኝ፣ እኔም 3.9 ነበርኩ፣ እኔም 4.3 አማረኝ። ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ዲፈረንሻል አገኘሁ። ኮሮናውን፣ ማለትም ውስጥ ያለውን ትልቁን ክብ ጥርስ ቆጠርኩ። 43 ነው። «አርባ ሦስት፣ 4.3፣ ይኸው!» አልኩ። ሳልከራከር ከፍዬ ተሸክሜ ሄድኩ። ቅዳሜና እሑድ መኪናዋ ሥር ተኝቼ ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ሳስነሳት እንደ ፌንጣ ዘለለች። ጓደኞቼን ጭኜ አሳየኋቸው። «ወይ ጉድ!» አሉ።

ከወራት በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሮጌው ዲፈረንሻሌ ጥግ ላይ ወድቆ አየ። ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ቆጠረና ሳቀብኝ። የሱም ኮሮና 43 ነበር። ለካ የ3.9ም የ4.3ም ኮሮና 43 ጥርስ ነው! ልዩነቱ ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ፣ ፒኞኑ ላይ ነው። በ4.3 ፒኞኑ 10 ጥርስ አለው፣ በ3.9 ደግሞ 11። አንዲት ጥርስ። ሁለቱን አካፍለህ እየው። እኔ አዲስ የገዛሁትን ፒኞን አልቆጠርኩም ነበር። ስንቆጥረው 11። 3.9 አውጥቼ 3.9 ነበር የገጠምኩት።

ታዲያ ያቺ ፌንጣ ከየት መጣች? ግማሹ ምኞቴ ነው። ግማሹ ግን እውነት ነበር። ዲፈረንሻሉን ለማውጣት የግድ የኋላ ታምቡሮቹን፣ ማለትም የፍሬን ሸራውን የሚሸፍኑትን ክብ ብረቶች ፈትቼ ነበር። የግራው ሸራ ተጣብቆ ለቀቅ አይልም ነበር፣ አላቀቅኩት። መኪናዬ ስንት ዘመን ፍሬን እንደያዘች ነበር የምትሄደው። ያፈጠናት እሱ ነው። እዚያ ላይ ልደርስ ነው ይሄን ሁሉ የማወራህ።

አሁን ወዳንተዋ። ነገ ጠዋት ከሽምብጥ እስከ መሸንቲ ደርሰህ ተመለስ። መጨረሻ ላይ ፍሬን ብዙ ሳትረግጥ ቁም። አራቱም ቸርኬዎች አጠገብ እጅህን አስጠጋ፣ አትንካ፣ አስጠጋ ብቻ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዟል። ደልዳላ ቦታ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርገህ ብቻህን ግፋት። ላዳ ብቻውን በቆመ ሰው መገፋት አለባት። እምቢ ካለች እሱም ምልክት ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ወንድምህን ወይም ጎረቤትህን የነዳጅ መስጫውን ፔዳል እስከ ታች ይርገጥልህ በለው። አንተ የአየር ፊልትሮውን አንሳና የካርቡራተሩን ጉሮሮ እይ። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል? እግሩ ወለል ነክቶ ክዳኑ ግማሽ ላይ የሚቆምበት ስንት መኪና አይቻለሁ። ምንጣፍ ከፔዳል ሥር ተጣጥፎ ጉልበት የበላበትም አጋጥሞኛል። የላዳ ካርቡራተር ሁለት ጉሮሮ አለው። ሁለተኛው ጠንከር አድርገህ ስትረግጥ ብቻ የሚከፈት ነው። እሱ ከሞተ መኪናህ ቀስ ስትሄድ ደህና ትመስላለች፣ ዳገት ላይ ግን ታቃስታለች። በዛዊት ላይ የነገርከኝ ይሄን ይመስላል።

ካንዴላዎቹን ፍታና ቀለማቸውን እይ። ጥቀርሻ ከሆኑ ቤንዚኑ በዝቷል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እኛ ጋ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ አየሩ ስስ ነውና። ለቤንዚን ሰልፍህም ለኪስህም አይጠቅምም። የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር፣ የቫልቮቹን በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 አስደርግ። ይሄን አንድ ጥሩ መካኒክ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

ፍሪሲዮኑንም ፈትሽ። ባዶ መንገድ ላይ በ40 እየሄድክ አራተኛ አስገባና ሙሉ ነዳጅ ስጥ። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። በተንሸራተተ ፍሪሲዮን ላይ 4.3 መግጠም በተቀደደ ጆንያ ጤፍ መጫን ነው።

ይሄን ሁሉ አድርገህ አሁንም 4.3 ካማረህ ጎንደርን እናስብ።

ጎማህ የፋብሪካው 175/70 13 ነው ብዬ ልገምት። በአራተኛ ማርሽ በ80 ስትነዳ አሁን ሞተርህ በደቂቃ 2,900 ገደማ ይዞራል። በ4.3 3,200 ይሆናል። ብዙ አይመስልም። ግን ካምቢዮህ ባለ 4 ነው፣ ከዚያ በላይ የምታስገባው ማርሽ የለህም። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስልቼው ነበር። ሙሉውን በአራተኛ ብትሄድ ሞተርህ እናትህ ቤት እስክትደርስ 40,000 ዙር ገደማ በተጨማሪ ይዞራል። ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለው ዳገት ላይ ደስ ይልሃል። ወረታ አካባቢ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከሩዝ ማሳው መሃል ግን ጆሮህ ይደክማል፣ ቤንዚንህም ይበላል።

ሌላ ተንኮልም አለበት። የላዳ ፍጥነት መለኪያ የሚዞረው ከካምቢዮ ነው። ስለዲፈረንሻሉ መቀየር ማንም አይነግረውም። በእውነት 80 ስትሄድ 88 ይልሃል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እንደዚያው አብዝቶ ይቆጥራል። ስለዚህ «በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ሄድኩ» ብለህ ስታሰላ መኪናህ የቆጠበች ይመስልሃል። ኋላ ደግሞ «4.3 ነዳጅ ይቆጥባል» ብለህ ለሰው ታወራለህ። እንደኔ ፌንጣ ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። በወር አንዴ ጎንደር የምትሄድ፣ ባለ 4 ማርሽ የያዝክ ሰው 4.3ን ተወው። መቀየር ግዴታ ከሆነብህ የ2103ን 4.1 ፈልግ፣ ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10። 5 በመቶ ይሰጥሃል፣ መንገድ ላይም ብዙ አያስቸግርህም። ወይም ባለ 5 ማርሽ የላዳ ካምቢዮ ካገኘህ ሐሳቤን እቀይራለሁ። የሱ አምስተኛ 0.82 ስለሆነ 4.3 ገጥመህም መንገድ ላይ ከአሁኑ ያነሰ ነው የሚዞረው። ያኔ የጓደኛህን ዕቃ ውሰድ፣ እኔም አብሬህ ደስ ይለኛል።

ቤት ውስጥ ይቻላል ወይ ላልከው፣ አዎ ይቻላል። ላዳ ለዚህ ደግ መኪና ናት። የዲፈረንሻሉ ሆድ ከአክሰሉ ፊት እንዳለ በ8 ብሎን ተይዞ ነው ያለው። ሙሉ አክሰሉን ማውረድ አያስፈልግም። ግን ሆዱን እንዳለ አውጥተህ ሌላውን እንዳለ ታስገባለህ እንጂ ኮሮናና ፒኞን ለይተህ እንዳትነካ። በሁለቱ ጥርሶች መሃል ያለው ክፍተት ከ0.08 እስከ 0.12 ሚሊሜትር ነው፣ የአንድ ደብተር ወረቀት ውፍረት ያህል። ከፊት ያለችውን ትልቋን የፒኞን ዳዶ ደግሞ «ላጥብቃት» ብለህ እንኳ አትንካት። የኩሽኔታዎቹ ጥበቀት በሷ ነው የተለካው። ዛሬ የነካሃት በወሩ ትጮህብሃለች።

ስትገዛ በእጅህ አዙረው። መያዝ፣ መንገጫገጭ ካለ ተወው። የቀረ ዘይት ካለበት ጣትህን ንከርና ፀሐይ ላይ እየው። የሚያብለጨልጭ የብረት ዱቄት ካየህ ኩሽኔታው ወይም ጥርሱ ተበልቷል። ሁለቱንም ጥርስ ቁጠር። ሁለቱንም! የጎማ ዘንጎችህ ጫፍ ላይ ያለው ጥርስም ከሚገባበት ጋር እንዲገጥም አወዳድር።

ሥራው ላይ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ክሪኩ ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ መኪናውን ብሎኬት ላይ አስቀምጦ መፍቻ ሊያመጣ ገባ። ሲመለስ ብሎኬቱ ዱቄት ሆኖ መኪናዋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። መፍቻው እጁ ላይ ቢሆን ኖሮ ሥሯ ነበር። ብሎኬት ከላይ ያለውን ክብደት የሚሸከም ይመስላል እንጂ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። የብረት መደገፊያ ተዋስ፣ ሁለት። ክረምት ከሆነና ግቢያችሁ ጥቁር አፈር ከሆነ ከክሪኩም ከመደገፊያውም ሥር ወፍራም ጣውላ አድርግ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አጥብቅ።

የቀረው ትዕግሥት ነው። ዘይቱን አፍስስ። ታምቡሮቹን አውጣ። ከጀርባቸው የጎማውን ዘንግ የያዙ 4 ዳዶዎች አሉ፣ እነሱን ፈትተህ ዘንጉን ሳብ። እምቢ ካለ ጎማውን ገልብጠህ በብሎኖቹ ላላ አድርገህ ያዘውና በኃይል ወደ ውጭ ሳብ፣ እንደ መዶሻ ይሠራልሃል። ረጅሙን ዘንግ ከመፍታትህ በፊት ሁለቱን መጋጠሚያዎች በቀለም ምልክት አድርግ። በድሮው አቅጣጫ ካልገባ መኪናዋ በፍጥነት ትንቀጠቀጣለች። እግረ መንገድህን ክሮቸራዎቹ፣ ማለትም የረጅሙ ዘንግ መታጠፊያ መስቀሎች፣ ልቅ መሆን አለመሆናቸውን በእጅህ ፈትሽ። ሆዱ ከባድ ነው፣ ተኝተህ ደረትህ ላይ አታውርደው፣ ሰው ጥራ። ዘይት እንዳያፈስ ከመሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮን አዲስ አድርግ።

ዘይቱ 1.3 ሊትር ነው። ጂኤል 5 የተጻፈበት ይሁን። የዚህ ጥርስ ዓይነት እየተፋጨ ስለሚሽከረከር ተራ ዘይት አይችለውም። የተረፈህን ግን ካምቢዮ ውስጥ እንዳትጨምር፣ እዚያ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳቸው ይችላል። የድሮውን ዘይት ደግሞ በጄሪካን ሰብስብና ጋራዥ ስጥ። ቦይ ውስጥ ያፈሰስከው የት እንደሚሄድ ሽምብጥ እየኖርክ እኔ አልነግርህም። ጣና እምቦጩ ይበቃዋል።

የድሮውን 3.9 እንዳትሸጠው። ጠርገህ፣ ዘይት ቀብተህ፣ በላስቲክ ጠቅልለህ አስቀምጠው።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ማታ ልታደርገው የምትችለው አለ፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። አባትህ ወይም ከሳቸው በፊት የነበረው ሰው ቀይሮት ይሆናልና አሁን መኪናህ ላይ ያለው ራሱ 3.9 መሆኑን አረጋግጥ። የፊት ጎማዎቹን አጥብቅ፣ ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ አንሳ፣ መደገፊያውን አስገባ። ጎማውና ረጅሙ ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። አንተ ጎማውን 20 ጊዜ አዙር፣ ዘንጉን ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ ይቁጠር። አንዱ ጎማ መሬት ስለያዘ ነው 20፣ ሁለቱም ቢነሱ ኖሮ 10 ይበቃ ነበር። ዘንጉ 39 ከዞረ 3.9 ነህ። 41 ከሆነ 4.1። 43 ከወጣ ደግሞ ጓደኛህ የሚሸጥልህ ዕቃ ቀድሞውኑ መኪናህ ላይ አለ ማለት ነው። ስንት እንደወጣ ጻፍልኝ፣ የትኛው ቸርኬ እንዳቃጠለህም ጨምርበት።